ብሩ ሲያልቅስ? ስለ ብር ቅብ የሕክምና ዕቃዎች

ባለፈው ዓመት አጎቴን ሳስታምም፣ ቸርችል ጎዳና ዳር ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ሰሞን ያልገዛሁት ነገር የለም። ጓንት፣ ፋሻ፣ ስሪንጅ፣ የሽንት ከረጢት። ሆስፒታል ያስታመመ ሰው ያውቀዋል፦ ወረቀት ይሰጥሃል፣ ትሮጣለህ፣ ይዘህ ስትመለስ ሌላ ወረቀት ተጽፎ ይጠብቅሃል። ከፊቴ የቆመው ልጅ ለአባቱ ካቴተር ሊገዛ ነው የመጣው፣ ያቺ ሽንት መሽናት ላቃተው ወይም ከአልጋ ለማይነሳ ሰው የምትገባዋን ቀጭን ቱቦ። ፋርማሲስቷ ሁለት ዓይነት አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት፣ ቢጫውን ላቴክስና ነጣ ያለውን ሲሊኮን። ልጁ ስልኩን አየት አደረገና «ብር ቅብ የሚባል አለ አይደል? እህቴ ከውጭ ሆና እሱን ፈልግ አለችኝ፣ ኢንፌክሽን አያመጣም አሉ» አላት።

«ብር ቅብ ከፈለግህ ፒያሳ ነዋ!» አለችው። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፣ ቢጫውን ገዝቶ ወጣ።

እኔ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልጁ ልክ ነበረና። በብር የተቀባ ካቴተር አለ። በብር የተቀባ የመተንፈሻ ቱቦ አለ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብር ቅብ ብረት አለ፣ አንድ ሰሞን ብር ቅብ የልብ ቫልቭ ሁሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሳነብ፣ የማውቃቸውን ሐኪሞች ስጨቀጭቅ ከረምኩ። «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፦ ቅቡ የሚሠራው እያለቀ ነው። የብሩ ጥቅምም ጣጣውም ከዚህች ይመነጫል። ስለዚህ «ብር ቅብ ነው?» ብሎ ማቆም አይበቃም። የት ነው የሚገባው፣ ስንት ቀን ነው የሚቆየው፣ ሲያልቅስ ምን ይሆናል ማለት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ግን ጠላቱን እንየው። ቤታችሁ ሮቶ ካለ አንድ ቀን አጥባችሁት ታውቁ ይሆናል። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ ስትነኩት ግን ያሙለጨልጫል። ያ የሚያሙለጨልጭ ነገር የባክቴሪያ ሰፈር ነው፣ ሳይንሱ ባዮፊልም ይለዋል። ባክቴሪያው አንድ ገጽ ላይ ያርፋል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ልጋግ የመሰለ ነገር እያመነጨ ቤት ይሠራል። እዚያ ውስጥ ከተሸሸገ በኋላ የሰውነት ወታደሮች በቀላሉ አይደርሱበትም። አንቲባዮቲክም ቢሆን እንደልቡ አይገባበትም፣ ቢገባም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሥራ ፈቶ እንደተኛ ሰው ስለሆነ ብዙም አይጎዳውም። ደም ውስጥ በነጻነት ከሚዋኘው ጋር ሲነጻጸር፣ በባዮፊልም ውስጥ ያለውን ለመግደል አንዳንዴ እስከ 1 ሺህ እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ይኼን ያህል መድኃኒት ደግሞ ከባክቴሪያው በፊት በሽተኛውን ይጨርሰዋል።

አጎቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ሲሻገር ሞተር ገጨው። የቅልጥሙ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረት ገባለት፣ «ጥሩ ሄዷል» ተባልን፣ ደስ አለን። በሁለተኛው ወር ቁስሉ መግል ቋጠረ። መርፌ ሲወጋ ይደርቃል። መርፌው ሲያልቅ ይመለሳል። ይደርቃል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ ብረቱ ይውጣ ተባለና ወጣ። ጋሼ ደግሞ አመሉ አይለቀውም፣ ብረቱን ስጡኝ ብሎ ታጥቦ በፌስታል ተሰጥቶት ቤቱ ይዞት ገባ። አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለው፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳያል። እኔም ብዙ ጊዜ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ያብለጨልጫል። ጭረት እንኳ በደንብ ካላዩት አይታይም። ያ ሁሉ መግል፣ ያ ሁሉ ወጪ ከዚህ ላይ ተነሣ ቢሏችሁ አታምኑም።

አንቶኒ ግሪስቲና የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1987 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው) ነገሩን እንደ ሩጫ አድርጎ ገለጸው። ባዕድ ዕቃ ሰውነት ውስጥ በገባ ቅጽበት ሁለት ወገን ወደ ገጹ ይሮጣል። አንደኛው የራሳችን ሕዋስ ነው፣ ሁለተኛው ባክቴሪያ። እኔ ሳስበው ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ የሚቆም ሚኒባስ ነው የሚመጣብኝ። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። የራሳችን ሕዋስ ቀድሞ ከተቀመጠ ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ባዶ ቦታ አያገኝም። ባክቴሪያው ከቀደመ ግን እሱን ከወንበሩ ማስነሳት ማለት፣ እንደ ጋሼ፣ ሚኒባሱን ራሱን ከመንገድ ማውጣት ነው። የብረት ቅብ ሐሳብም ከዚህ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በሩ ላይ ቆሞ ባክቴሪያውን የሚገፋ ረዳት ይኑር ነው ነገሩ።

ለምን ብር ታዲያ? ብር ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ገንዘባችንን ራሱን በስሙ ነው የምንጠራው። የአያቶቻችን ጠገራ ብር፣ የማሪያ ቴሬዛዋ፣ በየትኛውም ዘመን ብትመታ ላይዋ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፣ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። አንገታችሁ ላይ የብር መስቀል ካለ ደግሞ አንድ ነገር ታዝባችኋል፦ እያደር ይጠቁራል። ፒያሳ ወስዳችሁ ታስወለውላላችሁ፣ እንደገና ይጠቁራል። የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ብር ድኝ ሲያይ አያልፍም፣ ይዞ ይጣበቃል፣ ያ ጥቁሩ ነገር የሁለቱ ጋብቻ ነው። ባክቴሪያን የሚገድለውም ይኸው ጠባዩ ነው። ባክቴሪያ የሚኖርባቸው ብዙ ፕሮቲኖች ድኝ አለባቸው። የብሩ ቅንጣት እነሱን አንቆ ሲይዝ ባክቴሪያው መተንፈስ ያቅተዋል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ የመራቢያ ሥርዓቱም ይታወካል። አንድ በሽታ አምጪ አንድ በር ቢዘጋበት በሌላ በር ይወጣል። ብር ብዙ በር በአንድ ጊዜ ስለሚዘጋ ነው የሚፈራው።

ይኼ ትናንት የተገኘ ዕውቀት አይደለም። በ1881 ላይፕዚግ ላይ ካርል ክሬዴ የሚባል የማዋለጃ ሐኪም፣ ሲወለዱ ከእናታቸው ጨብጥ ዓይናቸው ላይ ለሚያርፍባቸው ሕፃናት የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረጉን አሳወቀ። እሱ በሚሠራበት ቦታ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉን ይይዝ የነበረው የዓይን በሽታ ከ1 በታች ወረደ። ስንት ሰው ከዕውርነት ዳነ ማለት ነው። በ1893 ደግሞ የስዊሱ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ኔግሊ፣ እንደ መዳብና ብር ያለ ብረት እጅግ በጥቂቱ ያለበት ውኃ ደቂቅ ሕይወትን እንደሚገድል የጻፈው ጽሑፍ ከሞቱ በኋላ ታተመ። ለቃጠሎ የሚቀባውን ነጭ የብር ክሬም ደግሞ ሆስፒታል የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ነገር የምትመጣው። ጠገራ ብር ሳጥን ውስጥ ደርቃ ብትቀመጥ ማንንም አትገድልም። የሚገድለው ከብሩ ላይ በእርጥበት እየተፋቀ የሚወጣው፣ አዮን የሚባለው ቅንጣት ነው። ቅቡ እንዲሠራ መፈርፈር አለበት ማለት ነው። በባንክ ደብተር አስቡት፦ ወጪ አለ፣ ገቢ የለም። ፈጥኖ ካወጣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ከዚህም ብሶ የራሳችንን ሕዋስ ያቃጥላል። ቀስ ብሎ ካወጣ ዕድሜው ይረዝማል፣ ባክቴሪያው ግን አይሞትም። በዚህ ላይ ሰውነታችን ጨዋማ ነው። ደምም ሽንትም ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብሩን መንገድ ላይ ይይዘዋል፣ የደም ፕሮቲንም እንዲሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ በብርጭቆ ሳህን ላይ ጀግና የነበረ ቅብ ሰው ውስጥ ሲገባ የሚልፈሰፈሰው በዚህ ነው። «በላቦራቶሪ 99.9 በመቶ ይገድላል» የሚል ብሮሹር ሳይ አሁን አሁን ትከሻዬን ነው የምነቀንቀው። ሳህን አይታመምማ።

አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው፣ በጥድፊያ ላልፈው። አንዳንዱ ብሩን በጣም በሳሳ ንብርብር ይለብጣል፣ ሌላው ከፕላስቲኩ ጋር ቀላቅሎ ይሠራዋል። ባክቲጋርድ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ ደግሞ ወርቅ፣ ብርና ፓላዲየም አዋህዶ ይቀባል። ጋሊየም የሚባል ብረትም እየተሞከረ ነው። ይኼኛው ተንኮሉ ይገርማል፦ ባክቴሪያ ለመኖር የብረት ማዕድን ይፈልጋል፣ ጋሊየም ደግሞ ቁርጥ እሱን ይመስላል፣ ባክቴሪያው ምግብ ያገኘ መስሎት ይውጠዋል፣ ከዚያ ሥራ አይሠራለትም። በባዶ ሆድ ጠግቦ ይሞታል።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ሰው ላይ ተሞክሮ ምን ሆነ?

በ2008 የወጣው ትልቁ የመተንፈሻ ቱቦ ጥናት በሰሜን አሜሪካ 54 ቦታዎች ላይ 2 ሺህ ያህል ሕሙማንን በዕጣ መድቦ ነበር፣ ግማሹን ተራ ቱቦ፣ ግማሹን ብር ቅብ። ቱቦው 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየባቸው ውስጥ የሳንባ ምች የያዘው በተራው ቱቦ 7.5 በመቶ፣ በብር ቅቡ 4.8 በመቶ ሆነ። ጥሩ ነው። ግን የሞቱት ሰዎች ቁጥር አልቀነሰም፣ ሆስፒታል የተኙበት ጊዜም አላጠረም። ስለዚህ ሰዉ እስካሁን ይከራከርበታል።

የካቴተሩ ነገር ደግሞ ለዚያ ልጅ መልስ የሚሆን ነው። ለዓመታት ብር ቅብ ካቴተር ጥሩ ነው ሲባል የኖረው፣ ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚቆጥሩት ሽንት ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያን ስለነበረ ነው። ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘትና ሰውዬው መታመሙ ግን ለየቅል ናቸው። ካቴተር ከገባለት ብዙ ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል፣ አያተኩሰውም፣ አያመውም። በ2012 የታተመው የእንግሊዞቹ ጥናት በ24 ሆስፒታሎች ከ7 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ፦ ስንቱ ታመመ? ተራው ካቴተር ከገባላቸው 12.6 በመቶ። ብር ቅቡ ከገባላቸው 12.5 በመቶ። በቃ። ልዩነት የለም። አንቲባዮቲክ የተነከረው ሦስተኛ ዓይነት 10.6 በመቶ ሆነ፣ እሱንም ቢሆን አጥኚዎቹ ይኼን ያህል የሚያስመካ አይደለም አሉ፣ ሰዎቹን የበለጠ ምቾት ይነሳቸው ነበር። እርግጥ እነዚህ ካቴተሩ ለአጭር ጊዜ የገባላቸው ሰዎች ናቸው። ቢሆንም እኛ አገርም አብዛኛው ሰው የሚገባለት ለአጭር ጊዜ ነው፣ ወይም ለአጭር ጊዜ መሆን የነበረበት ነው፣ እሱን እመለስበታለሁ።

በጣም የማልረሳው ግን የልብ ቫልቩን ታሪክ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ልብ ላይ የሚሰፋው ዙሪያውን ባለ ጨርቅ ነው። ያ ጨርቅ ኢንፌክሽን ከያዘው ጉዳዩ የሞት የሕይወት ነው። ሴንት ጁድ ሜዲካል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨርቁን በብር ለበጠው፣ ሲልዞን ብሎ ሰየመው፣ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ሐሳቡ ምንም አይወጣለትም። ለማንም ብትነግሩት «እንዴት እስካሁን አላሰቡትም?» ነው የሚላችሁ። ኩባንያው ጥቅሙን በማያሻማ መንገድ ለማሳየት ትልቅ ጥናት አስጀመረ። ያ ጥናት ነው ጉዱን ያወጣው። ብር ቅቡ ቫልቭ በገባላቸው ሰዎች ላይ በስፌቱ ጠርዝ በኩል ደም የማፍሰስ ችግር በዛ፣ ድጋሚ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸውም በረከቱ። በጥር 2000 ዕቃው ከገበያ ተሰበሰበ። እስከዚያ ድረስ በዓለም ዙሪያ 36 ሺህ ያህል ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ምክንያቱ ምን ይሆን ሲባል፣ ጨርቁ ውስጥ አድጎ ስፌቱን ማጥበቅ የነበረበትን የሰውነት ሥጋ ብሩ ሳይከለክለው አልቀረም ተባለ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ባለ ትኬቱንም ገፈተረው ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እና ብር ቅብ የሚባል ነገር ይቅርብን» ሊል ይችላል። አይ፣ እንደሱ አይደለም። ጀርመን ሙንስተር ውስጥ የአጥንት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ሥራ አለ። እነዚህ ሰዎች የጭናቸው ወይም የቅልጥማቸው አጥንት በብዛት ተቆርጦ በምትኩ ትልቅ ብረት ይገባላቸዋል፣ ብዙዎቹ በካንሰር ሕክምና የተነሣ የመከላከል አቅማቸው ደክሟል። በ2010 በወጣው ጽሑፍ ተራ ቲታኒየም ከገባላቸው 74 ሰዎች ኢንፌክሽን የያዘው 17.6 በመቶ ነበር፣ ብር ቅብ ከገባላቸው 51 ሰዎች ደግሞ 5.9 በመቶ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ሰዎቹም በዕጣ አልተመደቡም፣ ስለዚህ እንደ እንግሊዞቹ ጥናት አፍ የሚያስይዝ አይደለም። ግን ትርጉም ይሰጣል። ብረቱ ትልቅ ነው፣ ሰውየው ደካማ ነው፣ ኢንፌክሽኑ ከመጣ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። ብሩ እያለቀ ቢሆንም የሚያልቀው የሚገባው ቦታ ላይ ነው።

በካቴተሩና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት አሁን ይታያችኋል። ካቴተር ውስጡ ባዶ ነው፣ ከውጭ ካለ ከረጢት ጋር የተገናኘ ነው፣ ባክቴሪያው በውጭም በውስጥም፣ ከረጢቱ በተከፈተ ቁጥር፣ ቀን በቀን ይመጣል። ማለቂያ የሌለው ወረፋ ነው። አጥንት ውስጥ የሚቀበረው ብረት ግን አንዴ ተዘግቷል። ዋናው አደጋ የኦፕራሲዮኑ ዕለትና ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። የሚያልቅ ጠባቂ ቢያንስ ለእነሱ ይደርሳል።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ሀብታም አገሮች ውስጥ ከ100 ሕሙማን 7ቱ፣ እንደኛ ባሉት ደግሞ 15ቱ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል ይላል። ኢንፌክሽኑ ከያዛቸው 10 ሰዎች አንዱ በዚያው ይሞታል። ይኼ ልዩነት የመጣው የእነሱ ካቴተር ብር ቅብ ስለሆነ አይደለም። ጋሼ የተኛበት ክፍል ውስጥ እጅ መታጠቢያው ነበር፣ ውኃው ግን አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይጠፋል። የሽንት ከረጢቱ አልጋው ላይ የሚንጠለጠልበት ስለሌለው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሰው ሲራመድ በእግሩ ይመታዋል። ማታ ማታ አንድ ሲስተር ለዚያ ሁሉ አልጋ። እጇን ስንቴ ትታጠብ? ሰው እኮ ነች።

ካቴተሩ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጨኝ ነው። ካቴተር በገባ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመግባት ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፣ ይኼ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ጋሼ በኦፕራሲዮኑ ማግስት መቀመጥ ችሎ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን እየቀለደ ነበር። ካቴተሩ ግን በዘጠነኛው ቀን ነው የወጣው። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ዶክተሩ ሲስተሯ ታወጣዋለች ብሎ፣ ሲስተሯ ትእዛዝ ስትጠብቅ፣ እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ፖፖ ይዤ ከመመላለስ ይሻለኛል ብዬ ዝም ብዬ። በዚያ ስድስት ቀን ብር ቅብ ቢሆን ወርቅ ቅብ ምን ያድነው ነበር? ማውጣት በነጻ ነው። በስሪንጅ ኳሷ ውስጥ ያለችውን ውኃ ትስባለህ፣ ትወጣለች፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ብረቱስ? እዚህ ላይ ልቤ ይከፈላል። እኛ ከተማ ውስጥ የመኪና፣ የሞተርና የግንባታ አደጋ እንደጉድ ነው። አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣ ሰው ቆሻሻ ነክቶት ነው የሚመጣው፣ ሆስፒታል እስኪደርስም ሰዓት ይሄዳል። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ብዙ ታዳጊ አገር ያሉ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት ሳይን የሚባል የአጥንት ብረት አለ። ሉዊስ ዘርክል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1999 ያቋቋመው ድርጅት ነው የሚያቀርበው፣ ብልሃቱ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ሳያስፈልግ ብሎኑን ቦታው ላይ ማስገባት መቻሉ ነው። ለእኛ የታሰበ ዕቃ ማለት ይኼ ነው። ተራ የማይዝግ ብረት ነው፣ ቅብ የለውም። ነገ አንዱ አስመጪ መጥቶ «ይኼኛው ብር ቅብ ነው፣ ትንሽ ይወደዳል» ቢል መልሱ እምቢ መሆን አለበት? እኔ አይመስለኝም። ጋሼ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን፣ ለወራት መርፌ፣ ለቀረበት ሥራ ያወጣነውን ስደምር ከብረቱ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ቁስሉ ክፍት ለሆነ፣ ስኳር ላለበት፣ አንዴ ኢንፌክሽን ይዞት ዳግም ለሚሠራለት ሰው ቅቡ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። ንጹሕ ለሆነ ተራ ስብራት ግን ብር በብር ላይ ማባከን ነው።

ስለ መዳብም ሁለት ቃል። በ2013 የወጣ ጥናት በ3 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የአልጋ ጠርዙን፣ ጠረጴዛውን፣ የግሉኮስ መስቀያውን በመዳብ ሠርቶ አየ። ኢንፌክሽን ከ8.1 ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቀደም ብሎ በ2008 የመዳብ ቅይጦች ባክቴሪያ ይገድላሉ ተብለው እንዲሸጡ ፈቅዶ ነበር። ነሐስም መዳብ አለበት። እና ፒያሳ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ የቀሩት እነዚያ ቢጫ የነሐስ እጀታዎች፣ የሰው እጅ የወለወላቸው፣ ከአዲሶቹ ቄንጠኛ የብረት እጀታዎች ይልቅ ለባክቴሪያ ክፉ ናቸው። የማይዝገው ብረት ያብለጨልጫል እንጂ ባክቴሪያ ላዩ ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ሆስፒታሎቻችን መዳብ ያስገቡ እንዳልል ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የመዳብ ሽቦ ከፖል ላይ በሚሰረቅበት አገር የመዳብ የአልጋ ጠርዝ ስንት ሌሊት ያድራል? በሦስተኛው ቀን ቆራሌው ጋ ነው የምታገኙት።

ሌላ የሚያሳስብ ነገርም አለ። ባክቴሪያ ብርንም ይለምዳል። በ1975 ቦስተን ውስጥ አንድ የቃጠሎ ክፍል ውስጥ በብር የማይሞት ሳልሞኔላ ተነሥቶ ሰው ገድሏል፣ መቋቋሚያ ዘረመሉንም ለሌላ ባክቴሪያ የሚያቀብለው ዓይነት ነበር። በ2019 ብቻ አንቲባዮቲክን በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተሰልቷል። አንቲባዮቲኩን በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ወረቀት እየገዛን ያደረስንበትን እናውቀዋለን። ብሩንም በካልሲና በፎጣ ሁሉ ላይ እየቀባን ወደዚያው ብንወስደው፣ ለልብና ለአጥንት በእውነት ሲያስፈልገን ባዶ ሊሆንብን ነው።

ስለዚህ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች፣ የሆስፒታል ግዢ ላይ ያላችሁ፣ ሻጩ ብሮሹሩን ሲዘረጋላችሁ ስለ ላቦራቶሪው ተዉና ስለ ሰው ጠይቁት። የቆጠራችሁት ባክቴሪያ ነው ወይስ የታመመ ሰው? ቅቡ ስንት ቀን ይቆያል፣ እናንተ ዕቃውን የምታቆዩትስ ስንት ቀን ነው? ሲያልቅ ከሥር ያለው ምንድን ነው? ቀጥ ብሎ ካልመለሰ ብሮሹሩን አጣጥፋችሁ መልሱለት።

ያንን ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ ኮሪደር ላይ አገኘሁት፣ የሻይ ፔርሙዝ ይዞ። «ወንድሜ፣ ብር ቅቡ ተገኘ?» አልኩት። ሳቀ። «እህቴ እልካለሁ ብላለች» አለኝ። አባትህ መቀመጥ ይችላሉ ወይ አልኩት። ከትናንት ጀምሮ አለኝ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ዶክተሩ ሲዞር፣ ይኼ ካቴተር ዛሬም ያስፈልጋቸዋል ወይ ብለህ ብቻ ጠይቀው» አልኩት። ደነገጠ፣ ዶክተር እንደዚህ ይጠየቃል እንዴ የሚል ዓይነት ፊት አሳየኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አባትየው በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ በየሁለት እርምጃው እየቆሙና ሽንት ቤቱን እዚህ ድረስ ያራቀውን ሰውዬ እየረገሙ በአጠገቤ አለፉ።